«እህት ከተማ»፣ የብራስልስ ገንዘብና የኔ ስምንት ሰዎች

የኔካር_ዳር
እንደምን አመሻችሁ። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ደቡብ ጀርመን፣ ከሽቱትጋርት ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ከተማ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከተማችን መግቢያ ላይ ካለው ቢጫ ሰሌዳ አጠገብ አነስ ያለ ሌላ ሰሌዳ ቆሟል። የአንድ የፈረንሳይና የአንድ የሃንጋሪ ከተማ ስም ተጽፎበታል። ስንት ዓመት በአውቶቡስ ሳልፍ አየዋለሁ፣ አንድ ቀን ግን ምንድነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እህት ከተሞቻችን ናቸው ለካ።

ከሁለት ወር በፊት የእህትማማች ከተሞች ማኅበሩ ሊቀመንበር በሬን አንኳኩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ጎረቤቴም ናቸው። «ለብራስልስ፣ ለአውሮፓ ኅብረት፣ ማመልከቻ ልናስገባ ነው፣ ኮሚቴው ውስጥ ግቢልን» አሉኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከሥራ ስብሰባ በቀር በዚህ ከተማ ለስብሰባ የጠራኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ረቂቁን አደሉን። የተሳታፊዎች ሠንጠረዥ ላይ «የስደት መነሻ ያላቸው ነዋሪዎች፦ 8» ይላል። ከስምንቱ የሚታወቀው አንድ ስም ነው፣ የኔ። ሰባቱን «አንቺ ታመጪልናለሽ» ተባልኩ። ፕሮግራሙ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ዓርብ ማታ የአቀባበል ወይን፤ ቅዳሜ ጠዋት የማዘጋጃ ቤት ጉብኝት፣ ከሰዓት የወይን እርሻ፣ ማታ «የዓለም ምግቦች ገበታ»፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኮንሰርት፣ ከዚያ ስንብት። የኔ ስም ያለው የዓለም ምግቦቹ ላይ ነው።

የማመልከቻው ርዕስ «የዜጎች ተሳትፎ በአውሮፓ» ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይሄ ገንዘብ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ካለ በቀላሉ ያስረዳኝ። «እናንተ ከሌላችሁበት ነጥብ እናጣለን» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለተኛ፣ ልቆይ ወይስ ልውጣ?

ቀጥ_በል (ስቶክሆልም)
ውጪ። እንጀራ ጋግሪልን ነው ያሉሽ። በጀርመንኛ ስለተባለ ነው ያልገባሽ።

የቦሎኛዋ
አንተ ደግሞ ለሁሉም መድኃኒትህ «ውጪ» ነው። ባለፈው ስለ ወላጆች ኮሚቴ የጠየቀችውንም «ውጪ» ብለሃታል።

እህቴ፣ እኔ የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው። ሰባቱን ሰው ከየት ልታመጪ ነው? እኛ ሐበሾች እንደሆን ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ ቅዳሜ ጠዋት አንገኝም።

ሠንጠረዥ (ብራስልስ አካባቢ)
ይሄ የኔ ሥራ ስለሆነ ልግባበት። ለአንድ የቤልጂየም ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ ማመልከቻ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። ያለፈም አለ፣ የወደቀም አለ፤ የወደቀው ይበዛል።

ገንዘቡ የሚመጣው «ዜጎች፣ እኩልነት፣ መብቶችና እሴቶች» ከሚባለው የኅብረቱ ፕሮግራም ነው። በአጭሩ ሰርቭ ይሉታል። ከ2021 እስከ 2027 እ.ኤ.አ. የተመደበለት 1.55 ቢሊዮን ዩሮ ነው። ቢሊዮን ሲባል ግን አትደንግጪ። አብዛኛው የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው፤ በሴቶችና በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል አለ፣ መድልዎን ለመዋጋት አለ፣ ለሲቪክ ማኅበራት አለ። ለእህት ከተሞች የሚደርሰው ከዚያ ውስጥ ቁራሽ ነው። ከሱ በፊት «አውሮፓ ለዜጎች» የሚባል ፕሮግራም ነበር። ከ2014 እስከ 2020፣ ለመላው አውሮፓ፣ ለሰባት ዓመት፣ 185 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ። በዚያን ጊዜ ለአንድ የእህት ከተሞች ዝግጅት ጣሪያው 25 ሺህ ዩሮ ነበር። ከተማችሁ አንድ የመኪና አደባባይ ብታሠራ በዚያ ገንዘብ አትጨርሰውም።

ደንቡ ላይ ላዩን ቀላል ነው። ቢያንስ ሁለት ከተሞች ከሁለት አገር፣ ከሁለቱ አንዱ የኅብረቱ አባል። አመልካቹ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ወይም እንደናንተ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር። ቢያንስ 50 ቀጥተኛ ተሳታፊ መኖር አለበት፤ ከነዚህ ውስጥ ቢያንስ 25ቱ «ተጋባዥ»፣ ማለትም ከእህት ከተማው ተጉዘው የመጡ። ክፍያው በቁርጥ ነው። የሆቴል ደረሰኝ፣ የዳቦ ደረሰኝ አትሰበስቢም። የሚፈለገው ሰው መምጣቱ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የፊርማ ወረቀት።

ስለ ፊርማ ወረቀት አንድ ነገር ልንገርሽ። በድሮው ፕሮግራም ጊዜ 27 እንግዳ ጠብቀን 22 መጡ። የካቲት ነበር፣ ጉንፋን ገብቶባቸው ነው። ከ25 በታች ወረድን። ያኔ ደግሞ ገንዘቡ የሚለቀቀው ሪፖርት ከቀረበ በኋላ ስለነበር አውቶቡሱን ማዘጋጃ ቤቱ አስቀድሞ ከፍሏል፣ ወይኑም ተጠጥቷል። ከብራስልስ አምስት ሳንቲም አልመጣም። የፋይናንስ ኃላፊያችን ለሦስት ወር ሰላም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ለ25 ሰው 35 ነው የምጋብዘው። ጻፊው፣ 35።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አንቺና ሰባቱ ሰዎችሽ በዚህ ደንብ «ተጋባዥ» አይደላችሁም፤ የአገሩ ነዋሪ ናችሁ። ፕሮጀክቱ ቆሞ የሚሄደው እንግዶቹን በሚያመጣው አውቶቡስ ነው። እናንተ የምትቆጠሩት ጥራቱ ሲመዘን ነው። ገምጋሚው «የሚሳተፉት እነማን ናቸው? ያው ሃያ ዓመት የሚተዋወቁት ሽማግሌዎች ናቸው ወይስ አዲስ ሰው ገብቷል?» ብሎ ያያል። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ነጥብ ያሉት ውሸት አይደለም።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የስምንቱ ነገር ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው። ይሄ አያልፍም። ወይን፣ ጉብኝት፣ ወይን፣ ምግብ፣ ኮንሰርት። ገምጋሚ ብሆን የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ዜጋው ሐሳቡን የተናገረው በየትኛው ሰዓት ነው?» ነው። ሲያኝክ?

ቀጥ_በል
«ሲያኝክ?» 😂 ይሄን ሰውዬ ወደድኩት።

ሽበት_በሊዮን
ልጆቼ፣ እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

የኔካር ዳሯ፣ ሉድቪግስቡርግ አጠገብሽ ነው አይደል? እሱን ከተማ በደንብ እይው። የመጀመሪያው የፈረንሳይና የጀርመን የከተሞች ወዳጅነት እዚያ ነው የተጀመረው፣ በ1950፣ ከሞንቤልያር ጋር። ጦርነቱ ካበቃ አምስት ዓመት ብቻ ነው። የሞንቤልያሩ ከንቲባ ሉስየን ታራዳን የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጀርመኖች ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ጣቢያ አስገብተዋቸው የወጡ ሰው ናቸው። እንግዲህ አስቡት፣ ከዚያ የተረፈ ሰው ነው ሄዶ የጀርመንን ከተማ እጅ የጨበጠው። ያኔ ማመልከቻ የለም፣ ነጥብ የለም፣ ከብራስልስ የሚመጣ ገንዘብም የለም፤ የዛሬው ኅብረት ራሱ ገና አልተወለደም። በዓመቱ፣ በ1951፣ ሃምሳ የሚሆኑ ከንቲባዎች ጄኔቭ ተሰብስበው የአውሮፓ ማዘጋጃ ቤቶችን ምክር ቤት መሠረቱ። ነገሩ በየአገሩ የተዛመተው ከዚያ ወዲህ ነው። የፈረንሳዩ ደጎልና የጀርመኑ አደናወር ኤሊዜ የሚባለውን የወዳጅነት ውል የፈረሙት በ1963 ነው፤ መሪዎቹ ከከንቲባዎቹ አሥራ ሦስት ዓመት ዘግይተው ነው የደረሱት።

የአውሮፓ ኮሚሽን ገንዘብ የመጣው ደግሞ በ1989 ነው። የፓርላማ አባሏ ኒኮል ፎንቴን በ1988 ባቀረቡት ሪፖርት መነሻነት። ልብ በሉ፣ ወዳጅነቱ አርባ ዓመት ሊሞላው አንድ ሲቀረው።

እኔ ሊዮን ከመግባቴ በፊት አርዴሽ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበርኩ፣ ሰላሳ ምናምን ዓመት ይሆነዋል። የእህት ከተማ ኮሚቴ ውስጥ ያለች አንዲት ባልቴት «ጀርመኖች ሊመጡ ነው፣ አልጋ አንሶኛል፣ አንተ ጋ አንድ ሰው ይደር» አለችኝ። እኔ ያለኝ አንድ ክፍልና አንድ ሶፋ ነው። የመጣልኝ ከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ፈረንሳይኛ አያውቅም፣ እኔ ጀርመንኛ አላውቅም። ሁለት ሌሊት አደረ። አልጋው ላይ ተኛ ብለው እምቢ አለ፣ እሱ ሶፋው ላይ ልተኛ ሲል ደግሞ እኔ እምቢ አልኩ። መጨረሻ ላይ ሁለታችንም መሬት ተኛን፣ አልጋውም ሶፋውም ባዶ። እስከ ዛሬ ገና ሲደርስ ካርድ ይልክልኛል። ለዚያ የተከፈለ ድጎማ ስንት ነበር? አላውቅም። እኔ የከፈልኩት የቁርስ እንቁላል ነው።

ልጄ፣ አትውጪ።

ፍልሰተ_ዐፅም (ፍራንክፈርት)
ጋሼ ወደ ኋላ ከተመለሱ አይቀር የሚገርመውን ልጨምር። የሁሉም አንጋፋ የሚባለው የፓደርቦርንና የለ ማን ወዳጅነት ነው። የተጀመረው በ836 እ.ኤ.አ. ነው። አልተሳሳትኩም፣ ስምንት መቶ ሠላሳ ስድስት። የቅዱስ ሊቦሪዮስ ዐፅም ከለ ማን ወደ ፓደርቦርን ሲፈልስ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት የዘላለም ወንድማማችነት ቃል ተገባቡ ይባላል። ስሜ ከዚህ ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው 😄

እንግሊዝ አገር ደግሞ የኮቨንትሪ ሴቶች አሉ። በጦርነቱ መሀል ለስታሊንግራድ የጠረጴዛ ልብስ ጠልፈው ልከዋል፣ 830 ሴቶች ስማቸውን የጠለፉበት። እያንዳንዷ ከስሟ ጋር ስድስት ፔንስ አዋጥታ። ልክ የኛ የማኅበር ሴቶች። በ1944 ሁለቱ ከተሞች ወዳጅነታቸውን በይፋ አሰሩ።

ቀጥ_በል
ታሪኩን አከብራለሁ ጋሼ፣ ከልቤ ነው። የጦርነት ጠላቶች ሲታረቁ ሌላ ነገር ነው። አሁን ግን ማን ከማን ሊታረቅ ነው? አንድ የጀርመን ጡረተኛና አንድ የፈረንሳይ ጡረተኛ ስለ አይብ ለመጨዋወት በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ይጓዛሉ፣ እኛ ግብር ከፋዮች እንከፍላለን። እንግሊዞች ገና ከኅብረቱ ሳይወጡ መተው ጀምረው ነበር። ቢሾፕስ ስቶርትፎርድ በ2011 ከፈረንሳይም ከጀርመንም እህት ከተሞቿ ጋር ተፋታለች። ሰማዩ አልወደቀም።

እና አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። እኔ ስዊድን በገባሁ በአራተኛው ዓመት ለማዘጋጃ ቤት ምርጫ ድምፅ ሰጥቻለሁ። ዜግነት አልነበረኝም። እዚህ አገር ሦስት ዓመት የኖረ የውጭ ዜጋ የአካባቢ ምርጫ ላይ ይመርጣል፤ ከ1976 ጀምሮ እንደዚህ ነው። የእኛ እህት ግን አሥራ ሰባት ዓመት እዚያ ኖራ የጀርመን ፓስፖርት ካልያዘች ለከንቲባዋ ድምፅ መስጠት አትችልም። ከሁለት ዓመት በፊት ከፖላንድ የመጣ ጎረቤቷ ይመርጣል። እሷ «የዜጎች ተሳትፎ» የሚል ፕሮጀክት ላይ ሽሮ ታማስላለች። ሌላ ምን ልበል?

የኔካር_ዳር
የጀርመን ፓስፖርት የለኝም። እንዴት አወቅክ?

ቀጥ_በል
አላወቅኩም። ገመትኩ። ይቅርታ።

የኔካር_ዳር
ይቅርታ አያስፈልግም። ከ2024 ሰኔ ወዲህ የጀርመን ሕግ የፊተኛውን ዜግነት ሳይጥሉ መውሰድ ይፈቅዳል፣ አምስት ዓመትም ይበቃል። የኢትዮጵያ ሕግ ግን የሌላ አገር ዜግነት ስወስድ የኔን ያነሣዋል። እናቴ ቤት ያለው የመሬት ጉዳይ ገና አላለቀም። ስለዚህ ልውሰድ አልውሰድ እያልኩ ዓመት ዓመትን እየወለደው ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ሠንጠረዥ
ቆይ ቆይ ቆይ። ቀጥ በል፣ አንተ ሳታስበው ማመልከቻውን ጻፍክላቸው።

የኔካር ዳሯ፣ ሦስቱን ከተሞቻችሁን ተመልከቺ። ጀርመን፦ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ከሆነ ለማዘጋጃ ቤት ይመርጣል፣ ኅብረቱን ከመሠረተው ከማስትሪኽት ውል ወዲህ። ከኅብረቱ ውጭ የመጣ አይመርጥም፤ ሽሌስቪግ ሆልስታይንና ሀምቡርግ ሊፈቅዱ ሞክረው በ1990 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ውድቅ አድርጎባቸዋል። ፈረንሳይ፦ እንደዚያው የኅብረቱ ዜጋ ይመርጣል፣ ለምክር ቤትም ይመረጣል፣ ከንቲባ ግን አይሆንም። ሃንጋሪ፦ በቋሚነት የሰፈረ የውጭ ዜጋ የአካባቢ ምርጫ ላይ ይመርጣል። አዎ፣ ሃንጋሪ። ስለ ስደተኛ በዜና የምንሰማትን አገር ስታስቡ የማይጠበቅ ነው።

ሦስት ከተማ፣ ሦስት ሕግ፣ አንድ ጥያቄ፦ «እዚህ ከተማ የሚኖረው ሰው ሁሉ ስለ ከተማው ይወስናል ወይ?» ቅዳሜ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱን ጉብኝት አውጥተሽ ይሄን አስገቢ። ጉብኝቱ ራሱ ይሁን፣ ግን የምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለው። ከየከተማው አራት አራት ሰው በየጠረጴዛው፣ በያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ የማይመርጥ ሰው። ያን ጊዜ ስምንቱ ሰዎችሽ ጌጥ አይሆኑም፣ ካለነሱ ውይይቱ አይካሄድም። ገምጋሚው የሚፈልገው ይሄን ነው። አንቺም የምትፈልጊው ይሄንኑ ይመስለኛል።

የዓለም ምግቦችን ተዪላቸው፣ ይብሉ።

የቦሎኛዋ
ሐሳቡ ሸጋ ነው። ግን ከብራስልስ ገንዘብ ጋር ግዴታም እንደሚመጣ አትርሱ። የፖላንዱን ታስታውሳላችሁ? በ2020 ሐምሌ ስድስት የእህት ከተሞች ማመልከቻዎች ወድቀዋል፤ የፖላንዶቹ ምክር ቤቶች በተመሳሳይ ፆታ ጉዳይ ላይ ባሳለፉት የተቃውሞ ውሳኔ ምክንያት። ቱኾቭ የምትባለውን ከተማ የፈረንሳይ እህቷ ሴን ዣን ደ ብሬ ከዚያ በፊት ትታታለች። ከዚያ የፖላንድ ፍትሕ ሚኒስቴር ተነሥቶ ለቱኾቭ 250 ሺህ ዝሎቲ ሰጣት። ከብራስልስ ልታገኝ ከምትችለው በላይ። እና አሁን ያለው ፕሮግራም ላይ አመልካች ከተማ የኅብረቱን እሴቶች ማክበሩ መመዘኛ ሆኖ ገብቷል። ስለዚህ የሃንጋሪዋ እህት ከተማችሁ ምክር ቤት ምን ምን ወስኖ እንደሚያውቅ አስቀድማችሁ እዩ።

ቅዱስ_ሚካኤል_ሰፈር
እና ፖላንዶቹ ትክክል ናቸው። እኛም ብንሆን

[ቀሪው በአወያይ ተነሥቷል]

አወያይ
በዚያ ጉዳይ ሌላ ክር አለ፣ አሥራ አራት ገጽ ደርሷል፣ እዚያ ተጨቃጨቁ። እዚህ ስለ ከተሞቹና ስለ ገንዘቡ።

ጎንደሬው_በቢሮ
ከአገር ቤት ነኝ፣ ማዘጋጃ ቤት ነው የምሠራው። ይሄ ገንዘብ ለኛ ከተሞች ይደርሳል? እኛም እኮ እህት ከተሞች አሉን። የጎንደር የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፣ ከ2012 ጀምሮ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሕዝብ ግማሹ ዘመዳችን ስለሆነ እህት ሳይሆን ቤተሰብ ነው ማለት ይቻላል። የሚመጣው ግን ልዑካን ቡድን ነው፣ ፎቶ ነው፣ ጋቢ ማልበስ ነው። ጋቢው እንኳ ከኛ በጀት።

ላይፕዚገር
ጎንደሬው፣ የጋቢው ነገር አሳቀኝ።

አይደርስም፣ ባጭሩ። ሰርቭ ለአባል አገሮቹና ፕሮግራሙን በውል ለተቀላቀሉ ጥቂት የአውሮፓ አገሮች ነው። ግን ሌላ መንገድ አለ። እኔ ያለሁባት ላይፕዚግ ከአዲስ አበባ ጋር እህት ከተማ ከሆነች ከ2004 ጀምሮ ነው። ለዚያ ሥራ የቆመ ማኅበርም አለ፤ ጀርመኖችም እኛም ያለንበት። ከአፍሪካ ከተሞች ጋር ለሚሠራ የጀርመን ማዘጋጃ ቤት ገንዘቡ የሚመጣው ከብራስልስ ሳይሆን ከልማት ትብብር ሚኒስቴሩ ነው፤ ቦን ያለው ኢንጌጅመንት ግሎባል በሚባለው ድርጅት በኩል። አመልካቹ ሁልጊዜ የጀርመኑ ከተማ ነው። ያም ማለት እናንተ ሐሳቡን ታመጣላችሁ፣ እነሱ ይፈርማሉ።

ትልቁ ልዩነት ግን ገንዘቡ አይደለም። የኔካር ዳሯ 25 ፈረንሳዮች ልታስመጣ ስትፈልግ የምትጠይቀው የአውቶቡስ ዋጋ ነው። እኛ ከአዲስ አበባ አምስት ወጣት ልናስመጣ ስንፈልግ የምንጠይቀው የቀጠሮ ቀን፣ የባንክ ደብተር፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ ከዚያ ደግሞ «ተመልሰው ይሄዳሉ?» የሚል ጥያቄ ነው። አንድ ጊዜ ከአምስት ሁለት ተፈቀደላቸው። ሁለቱ መጡ፣ ፕሮግራሙ ግን ለአምስት የተሠራ ነበር። የቲያትር ሥራ ነው፣ ሦስቱን ገጸ ባሕርይ እኛው እያነበብን ሞላነው። ሽምግልና የሚገባው ሽማግሌ እኔ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር።

ሽበት_በሊዮን
ሐረርንም አትርሷት። ከሻርልቪል ሜዚዬር ጋር እህት ናት፣ ገጣሚው ራምቦ እዚያ ተወልዶ ሐረር ስለነገደ። አንድ ሰው ሊነግድ ስለሄደ ሁለት ከተማ ተዛመደ። የኔ ሹፌር ቢያንስ ሊሸጥልኝ የመጣ ነገር አልነበረም።

ሠንጠረዥ
ጎንደሬው፣ ለልዑካን አንድ ምክር። ከንቲባውን ተዉት፣ የውኃ ክፍሉን ኃላፊ ላኩ። ከንቲባ በምርጫ ይቀየራል፤ የውኃ ሰውዬ ግን ሃያ ዓመት ይቆያል።

የኔካር ዳሯ፣ ለቢሮክራሲው፦ ማኅበራችሁ በኮሚሽኑ መግቢያ ገጽ ላይ ተመዝግቦ ባለ ዘጠኝ አኃዝ መለያ ቁጥር መያዝ አለበት። ብዙ ትንንሽ ማኅበራት ይሄን በመጨረሻው ቀን ያስታውሱታል። ጀርመን ቦን ውስጥ ለዚህ ፕሮግራም የቆመ የመገናኛ ቢሮ አለ። ሊቀመንበሩ ስልክ ይደውሉላቸው፣ ነጻ ነው፣ ሰዎቹም ረቂቅ ሐሳብ ሰምተው ያማክራሉ። ፈረንሳዮቹንና ሃንጋሪዎቹንም በእቅዱ ላይ አሁኑኑ አስገቢ። አንዱ ከተማ ጽፎ ሌሎቹ ለመብላት ብቻ የሚመጡበት ማመልከቻ ከሩቅ ነው የሚታወቀው።

ቀጥ_በል
እኔ አሁንም ገንዘቡ ለአውቶቡስ ነው የምለው። ግን የምክር ቤት አዳራሹ ሐሳብ ደህና ነው። የኔ ስለሆነ አይደለም።

የኔካር_ዳር
(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ ተመልሼ መጣሁ።

ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ። ሠንጠረዥ የጻፈውን በጀርመንኛ አሳጥሬ በአንድ ገጽ ጽፌ ነበር። እሳቸው ቡና አፈሉ፣ የኔ የቤት ሥራ የሚመረመር መስሎኝ እጄ ላብ አላበው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ አትመርጪም እንዴ?» አሉኝ።

አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ አጥር የምንለያይ ጎረቤቶች ነን። በየምርጫው የከንቲባውን ወረቀት የፖስታ ሣጥኔ ውስጥ የሚጨምሩት እሳቸው ናቸው። ድምፅ ስጪ ብለው።

ኮሚቴው ላይ ክርክር ነበር። አንዷ «ፖለቲካ ነው፣ እንግዶቹ ይከፋቸዋል» አለች። ፈረንሳዮቹ በኢሜይል «ርዕሱ ትንሽ ከባድ አይደለም?» አሉ። ሃንጋሪዎቹ ግን ወዲያው መለሱ፤ እዚያ ከተማ ለአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጥ አንድ የቬትናም ነጋዴ አለ፣ ይምጣ አሉ። ፈረንሳዮቹ ይሄን ሲሰሙ እነሱም ሰው ፈለጉ። መጨረሻ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የምክር ቤቱ አዳራሽ ተያዘ። ከሰዓት የወይን እርሻው አለ። ኮንሰርቱም አለ። የዓለም ምግቦችም አሉ፣ እኔ ግን አንድ ድስት ሽሮ ብቻ ነው የማመጣው፣ ሌላው የየራሱን ያምጣ ብያለሁ። ሊቀመንበሩ የድንች ሰላጣ ይዘው ሊመጡ ነው። የእሳቸውም የዓለም ምግብ ነው አልኳቸው፣ ሳቁ።

ከስምንቱ አምስት አግኝቻለሁ። አንዷ ኤርትራዊት ናት፣ አንዱ ሶሪያዊ ጸጉር ቆራጭ፣ ሁለቱ የኛ ሰዎች፣ እኔ። ሠንጠረዥ፣ ተጋባዦቹን 36 አድርገናል። ማመልከቻው ባለፈው ሐሙስ ገብቷል፣ መልሱ ገና ነው። መለያ ቁጥሩን በትክክል በመጨረሻው ቀን ነው ያስታወሱት።

ሽበት_በሊዮን
እሰይ ልጄ። የሚተኛበት ላጣ እንግዳ ካለ ሶፋ አትስጪው፣ ጨቅጫቃ ነው።

ቀጥ_በል
ሰው ከጎደላችሁ ከስቶክሆልም እመጣለሁ። ለማዘጋጃ ቤት የመረጠ ሰው ናሙና ብለሽ አቅርቢኝ። ለ36ቱ እቆጠራለሁ?

ሠንጠረዥ
ስዊድን እቅዱ ላይ የለችም። አትቆጠርም።

ቀጥ_በል
ሽሮውስ?

የኔካር_ዳር
ለሽሮው ፊርማ አንጠይቅም። ና።